ጣቢያው ሳይዘጋ ያደረባቸው ሌሊቶች

ለዛሬ ልጆች «ድሮ ቴሌቪዥን ማታ ማታ ይዘጋ ነበር» ብንላቸው ተረት የምንነግራቸው ይመስላቸዋል። እኛ ግን እናውቀዋለን። ዜናው ይነበባል፣ ድራማ ወይም ፊልም ካለ ይታያል፣ ከዚያ «ደህና እደሩ» ተብሎ መዝሙሩ ይዘመራል። ከመዝሙሩ በኋላ መስኮቱ ላይ የሚቀረው እንደ ፈላ ውኃ የሚንተከተክ ጥቁርና ነጭ ብናኝ ብቻ ነው። ከቤቱ ሰው አንዱ ይነሳና ያጠፋዋል። ለመተኛት ሰዓት ማየት አያስፈልግም ነበር፤ ጣቢያው ራሱ ያስተኛን ነበር።

የዛሬው ጨዋታዬ ግን ጣቢያው ስላልተዘጋባቸው ጥቂት ሌሊቶች ነው። ስለ ሮክ ሙዚቃ ሌሊቶች። መቼም አንዳንዶቻችሁ እንደምትስቁ አውቃለሁ። ነጠላዋን አጣፍታ ቤተ ክርስቲያን የምትስም፣ ጡረታ የወጣች ነርስ ስለ ሮክ ምን አገባት ትሉ ይሆናል። የገዛ ልጆቼም ይስቁብኛል። ይሁን እንጂ ዛሬ የልጅ ልጆቻችን ስልክ ይዘው ለብቻቸው ሲያመሹ ባየሁ ቁጥር እነዚያ ሌሊቶች ይመጡብኛል፤ ስለዚህ ልንገራችሁ።

ከአዲስ አበባ የወጣሁት በ1970 ዓ.ም መግቢያ ላይ ነው። የ19 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ያ ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር ለእናንተ አልነግራችሁም፤ እናት ልጆቿን ማታ ቆጥራ አስተኝታ ጠዋት ደግማ የምትቆጥርበት ጊዜ ነበር። እናቴ ያላትን ወርቅ ሸጠች። ምዕራብ ጀርመን ከሚኖር ዘመዳችን ጋር ስትጻጻፍ ከርማ የነርስነት ትምህርት የምማርበት ቦታ አስገኘችልኝ። በአራት ዓመት የሚበልጠኝ ወንድሜ አዲስ አበባ ቀረ። ጊታር ይነካካ ነበር፤ ዓለማየሁ እሸቴን በአለባበስም በጸጉር አበጣጠርም ሊመስል የሚሞክር የሰፈራችን ዘናጭ ነበር። እኔ በወጣሁ በሁለተኛው ወር ታሰረ። ከወራት በኋላ ተፈትቶ ቤት ተቀመጠ፤ ጊታሩ ግን በፍተሻ ጊዜ ከቤት ከወጣ በኋላ አልተመለሰም።

የደረስኩበት አገር የሩር አካባቢ ይባላል፤ ያኔ የድንጋይ ከሰልና የብረት አገር ነበር። ከኤሰን ከተማ ብዙ በማትርቅ ከተማ ውስጥ ከሆስፒታሉ አጠገብ ባለ የነርሶች መኖሪያ ቤት አንዲት ጠባብ ክፍል ተሰጠችኝ። ትምህርቱ እስኪጀመር በረዳትነት አልጋ እያነጠፍኩ ቋንቋ እማር ነበር። ጀርመኖች ነርስን «ሽቬስተር» ይሏታል፤ እህት ማለት ነው። እኛም አገር ሲስተር እንደምንለው ማለት ነው። በዚያ ቤት ውስጥ ከኮሪያ የመጡ ነርሶች ነበሩ፤ ከህንድ ኬረላ የመጡ፣ ከዩጎዝላቪያ የመጡ፣ ከገጠር የመጡ ጀርመኖችም ነበሩ። አፍሪካዊት እኔ ብቻ ነበርኩ።

ቤቱ ውስጥ የነበረው ቴሌቪዥን አንድ ነው። ምድር ቤት፣ ከልብስ ማጠቢያው ጎን ባለ ክፍል ውስጥ ተቀምጧል። የቤቱ ኃላፊ የሆኑት ሴትዮ ማታ 4 ሰዓት ሲሆን በሩን ቆልፈው ቁልፉን ይዘው ይሄዳሉ። ቁልፉ ለእኛ የሚሰጠው በዓመት ሁለት ቀን ግድም ብቻ ነበር፤ እሱም ፈርመን ነው። ሁለቱ ቀናት የሮክ ሌሊት የሚተላለፍባቸው ቀናት ነበሩ።

ሮክፓላስት ይባላል፤ የሮክ ቤተ መንግሥት እንደማለት ነው። ኮሎኝ ከተማ ያለው የምዕራብ ጀርመን ማሠራጫ፣ ቬዴኤር፣ የጀመረው ዝግጅት ነው። ፔተር ሩኸልና ክርስቲያን ቫግነር የተባሉ ሁለት የጣቢያው ሰዎች ያልተሞከረ ነገር ሞከሩ፦ ኤሰን ከተማ ባለው ግሩጋሃለ በተባለ ትልቅ አዳራሽ ሦስት የሙዚቃ ቡድኖችን በአንድ ሌሊት አሰልፎ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳይቆረጥ፣ እየሆነ ባለበት ሰዓት በቀጥታ ማስተላለፍ። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. በጁላይ 1977 ነበር። በዚያ ሌሊት አየርላንዳዊው ጊታር ተጫዋች ሮሪ ጋላገር፣ ሊትል ፊት የተባለው የአሜሪካ ቡድንና ሮጀር መጊን ተጫወቱ። ስርጭቱ በዩሮቪዥን መረብ በኩል ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮችም ይሄድ ነበር። ማታ ተጀምሮ ሊነጋጋ ሲል ነው የሚያልቀው። እኔ አልደረስኩበትም፤ ያዩት ልጆች ግን ወራት ካለፉ በኋላም እያወሩት ደረስኩ።

እኔ የደረስኩት እ.ኤ.አ. በማርች 1978 ለተላለፈው ነው። ክረምቱ ገና አልወጣም። ቀኑን ሙሉ ሽር ጉድ ተባለ። የጀርመኖቹ ልጆች የድንች ሰላጣ ሠሩ፣ ኮሪያውያኑ ያንን የሚያቃጥል ጎመናቸውን አመጡ፣ እኔም እናቴ በሰው እጅ የላከችልኝን ቆሎ አወጣሁ። ከሁሉም የገረመኝ የድምፁ ነገር ነው። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ከአንዲት ትንሽ ማጉያ የሚወጣ ነጠላ ድምፅ ነበር። ይኸው ዝግጅት ግን በዚያው ሰዓት በሬዲዮም በስቴሪዮ ይተላለፍ ነበር። ስለዚህ አንዷ ልጅ ሬዲዮዋን ከክፍሏ አወረደች፤ ሁለቱን ድምፅ ማጉያዎች ከቴሌቪዥኑ ግራና ቀኝ አስቀመጥናቸው፤ የቴሌቪዥኑን ድምፅ አጠፋን። ምስሉ ከአንዱ፣ ድምፁ ከሌላው። ክፍሉ ከመቅጽበት አዳራሽ ሆነ።

በዚያ ሌሊት ማዘርስ ፋይነስት የተባለ ከአትላንታ የመጣ ቡድን ወጣ። ጥቁሮችና ነጮች አብረው የሚጫወቱበት ቡድን ነው። ከፊት የቆመችው ጆይስ ኬኔዲ የምትባል ጥቁር ሴት ናት። እስከዚያች ቀን ድረስ በዚያ አገር ቴሌቪዥን ላይ እኔን የምትመስል ሴት ያየሁት በጣም ጥቂት ጊዜ ነው፤ ያየኋትም አንገቷን ደፍታ ነበር። ይቺ ግን አዳራሹን በሙሉ በእጇ ያዘችው። ድምጿ ያንን ሁሉ ከበሮና ጊታር ሰንጥቆ ይወጣል። አጠገቤ የነበሩት ልጆች አንዴ ቴሌቪዥኑን አንዴ እኔን ማየት ጀመሩ። በዘፈኑ ምንም ድርሻ አልነበረኝም፤ ግን ቀና ብዬ ተቀመጥኩ። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ግድም የቤቱ ኃላፊ በሌሊት ልብሳቸው ወርደው መጡ። «ቀንሱት» ሊሉ ነው የመጡት። በሩን ይዘው ሁለት ዘፈን ሙሉ ቆሙ፤ ምንም ሳይሉ ተመልሰው ወጡ።

ሰው «ቀጥታ» ሲባል ትርጉሙ አይገባውም ይሆናል። ያኔ ሌላ ቦታ በቴሌቪዥን የሚቀርብ ዘፋኝ አብዛኛውን ጊዜ አፉን ነበር የሚያንቀሳቅሰው፤ ድምፁ ከሸክላ ነው። በሮክ ሌሊት ግን ያልታሰበ ነገር ሁሉ ይሆናል። ክር ይበጠሳል፤ ተጫዋቹ ጀርባውን ሰጥቶ ሲቀይር እናያለን። ዘፋኟ ትስልና ውኃ ትጠጣለች። አንዱ ቡድን ወርዶ ሌላው እስኪወጣ መሣሪያ ሲጓጓዝ ይቆያል፤ በዚያ መሃል አለን ባንግስ የተባለው እንግሊዛዊ ከመድረክ ጀርባ ሙዚቀኞቹን ያነጋግራል። አልብሬክት ሜትስገር የተባለው ሌላው አስተዋዋቂ ደግሞ በጀርመንኛ ቅላጼ በሚናገረው እንግሊዝኛ ታዳሚውን ሰላም ሲል የእኛ ክፍል በሳቅ ይሞላል፤ የእኔም ጀርመንኛ እንደሱ እንግሊዝኛ ስለነበር እወደው ነበር። በዚያ የዕረፍት ጊዜ ነው እኛ የምንጨዋወተው። የቤት ናፍቆት የሚወራው፣ የበሽተኛ ነገር የሚነሳው፣ የሚለቀሰውም ያኔ ነው። ሙዚቃው ያሰባስበናል፤ ክፍተቱ ያነጋግረናል።

ሌሊት ተረኛ ሆኖ የሠራ ሰው ይህን ይረዳዋል። ሆስፒታል ውስጥ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ የሚነገር ነገር ቀን አይነገርም። በሽተኛውም፣ ነርሷም፣ አስታማሚውም በዚያ ሰዓት የሚያወሩት እውነቱን ነው።

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ። በዚያ ዘመን ስልክ መደወል የወር ደሞዝ የሚበላ ነገር ነበር። ደብዳቤ ደግሞ ሳምንታት ይፈጃል፤ ሰውም የሚጽፈውን ይመርጣል። ወንድሜ በደብዳቤው ስለ ፖለቲካ አንድ ቃል ጽፎልኝ አያውቅም። የሚጽፈው «ምን ሰማሽ? ምን አየሽ?» ብቻ ነው። አዲስ አበባ የሰዓት እላፊ ነበረች። እንደ ድሮው ማታ ወጥቶ ሙዚቃ መስማት ቀርቷል፤ ምሽት ቤት የገባ ሰው በር ተዘግቶበት እዚያው ያነጋል ይባል ነበር። እሱ ግን ከታሰረ በኋላ ማታ መውጣት ተወ።

ስለዚህ ከ1979ኙ የኤፕሪል ሌሊት ጀምሮ ለእሱ መቅዳት ጀመርኩ። በዚያ ሌሊት ጄ ጋይልስ ባንድ፣ ፓቲ ስሚዝና ጆኒ ዊንተር ነበሩ። ከመጀመሪያ ደሞዜ የገዛኋት የካሴት መቅጃ ነበረችኝ። የ90 ደቂቃ ካሴት አንዱ ገጽ 45 ደቂቃ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ለመቅዳት አራት ካሴት ያህል ያስፈልጋል። ሁልጊዜም ካሴቱ የሚያልቀው ዘፈን መሃል ላይ ነው። እየተቻኮልኩ እገለብጠዋለሁ። ዘፈን አልቆ ጭብጨባ ሲሆን ወይም መሣሪያ ሲቀየር ደግሞ መቅጃዋን ወደ አፌ አስጠግቼ በአማርኛ አወራለት ነበር። «ጋሼ፣ አሁን የወጣው ነጭ ነው፤ ጸጉሩም ቅንድቡም ነጭ፤ ጊታሩን ሲጫወት ዓይኑን አይገልጥም።» «ጋሼ፣ ሰዉ ሁሉ ቆሟል፤ ከፊት ያለች አንዲት ልጅ ታለቅሳለች።» «ጋሼ፣ ውጭ በረዶ ነው፤ ቆሎው አልቋል፤ እማዬን ንገራት።» ልጆቹ ምን እንደምል አይገባቸውም፤ ግን እኔ ስቀዳ ዝም ይሉልኝ ነበር። ቆይተው እነሱም «ለወንድምሽ ሰላም በይልን» እያሉ በየቋንቋቸው ሰላምታ ማስገባት ጀመሩ።

ካሴቶቹን ወደ አገር ቤት በሚመለስ ሰው እልካለሁ። አንዳንዱ ይደርሳል፣ አንዳንዱ መንገድ ላይ ይቀራል። ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ደብዳቤ ይመጣል። ወንድሜ ስለ ሙዚቃው አንድ ገጽ ይጽፋል። ቀሪው ሦስት ገጽ ጥያቄ ነው። ያለቀሰችው ልጅ ለምን አለቀሰች? ኮሪያዊቷ የተናገረችው ምን ማለት ነው? ቆሎውን ፈረንጆቹ ወደዱት? እ.ኤ.አ. በማርች 1981 ዘ ሁ እና ግሬትፉል ዴድ የተባሉት ትልልቅ ቡድኖች በአንድ ሌሊት ወጡ። የዘ ሁው ጊታር ተጫዋች ፒት ታውንሸንድ የራሱን ጨርሶ ከሌላው ቡድን ጋር ሊጫወት ተመልሶ መድረክ ላይ ወጣ። ይህ ለሮክ አዋቂዎች እስከ ዛሬ የሚወራ ነገር ነው። ወንድሜ በደብዳቤው የጻፈው ግን «ካሴቱ መጨረሻ ላይ ወፎች ይሰማሉ፤ መስኮት ከፍታችሁ ነበር?» ብሎ ነው። አዎ፤ ነግቶ ነበር፤ ከፍተን ነበር።

በዚያው ዓመት ዲፕሎማዬን ያዝኩ።

እንግዲህ ስለዚያ ዘመን የቴሌቪዥን ሙዚቃ ካነሳሁ አንዱን ሌሊት ዘልዬ ማለፍ አልችልም። ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም፣ በፈረንጆቹ ጁላይ 13 ቀን 1985፣ ቅዳሜ ነበር። ላይቭ ኤይድ። ከለንደን ዌምብሌይ ስታዲየምና ከፊላደልፊያ ጆን ኤፍ ኬኔዲ ስታዲየም 16 ሰዓት ያህል በቀጥታ ተላለፈ። ምክንያቱ እኛ ነበርን። በጥቅምት 1977 ዓ.ም የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል ቢወርክና ኬንያዊው ካሜራ አንሺ መሐመድ አሚን ከኮረም ያሳዩት ፊልም ዓለምን አስደንግጦ ነበር፤ ቦብ ጌልዶፍ የሚባለው አየርላንዳዊ ዘፋኝም ያንን አይቶ ነው የተነሳው።

እኔ በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ተረኛ ነበርኩ። ዋርዱ ውስጥ ለበሽተኞች መቀመጫ የሚሆን ክፍል አለ፤ ቴሌቪዥኑ ከቀትር ጀምሮ አልጠፋም። እግሩን የሰበረ የ17 ዓመት ልጅ ተሽከርካሪ ወንበሩን ፊት ለፊቱ ተክሎ ኩዊን የተባለውን ቡድን ሲያይ በክራንቹ ወለሉን እየደበደበ ነበር። እኔም መድኃኒት ሳድል በገባሁ በወጣሁ ቁጥር ቆም እላለሁ። ማታ ላይ ዴቪድ ቦዊ ተጫወተ። እሱ ከተመደበለት ሰዓት አንድ ዘፈን ትቶ በምትኩ ከኢትዮጵያ የመጣ ፊልም እንዲታይ አደረገ። ዘ ካርስ የተባለ ቡድን ዘፈን ከጀርባው ይሰማል፤ በመስኮቱ ላይ ግን የእኛ ልጆች ናቸው። አጥንታቸው የወጣ፣ ዝንብ የወረሳቸው፣ በነጠላ ተጠቅልለው የተኙ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። የያዝኩት የመድኃኒት ሰሃን ከበደኝ። ያ ልጅ ዞር ብሎ «ሽቬስተር፣ ይህ የአንቺ አገር ነው?» አለኝ። ሁሉም ያዩኛል። አዎ አልኩት። ነርስ ነኝና በፊልሙ ውስጥ ያየሁት ሌላው ከሚያየው የበለጠ ነበር፤ የትኛው ልጅ እንደሚተርፍ፣ የትኛው እንደማይተርፍ ከቆዳውና ከዓይኑ አውቅ ነበር። ያም ሆኖ የተናነቀኝ ሐዘን ብቻ አልነበረም። አገሬ ነጠላ፣ በዓል፣ ዘፈን፣ ወንድሜ ጊታሩን ይዞ በር ላይ የሚቀመጥበት ሰፈር ነበረች፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ለእነዚህ ሰዎች ይቺ ብቻ ልትሆን ነው ብዬ ደነገጥኩ። የምወደው ሙዚቃና የአገሬ ውርደት በአንድ መስኮት ሲመጡ የትኛውን እንደምይዝ አጣሁ።

ያን ጊዜ ዳሌያቸውን ታመው የተኙ አንዲት አሮጊት እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ እኛም ጦርነቱ ካለቀ በኋላ በ1946ቱ ክረምት የድንች ልጣጭ ቀቅለን በልተናል። ያኔ ፎቶ ያነሳን ሰው አልነበረም እንጂ እኛም እንደዚህ ነበርን። ረሃብ የሰው መልክ አይደለም፤ ያልፋል» አሉኝ። በ40 ዓመት የሥራ ዘመኔ ለበሽተኛ ብዙ የማጽናኛ ቃል ተናግሬአለሁ፤ እኔን በሽተኛ ያጽናናኝ ግን ያን ቀን ነው።

ሥራ ጨርሼ ወጣሁ። ያን ሌሊት ቴሌቪዥን ማየት አላሰኘኝም ነበር። የድሮዎቹ የመኖሪያ ቤቱ ጓደኞቼ፣ ያኔ በየፊናችን ቤት ተከራይተን እንኖር የነበርነው፣ በሬ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ኮሪያዊቷም ነበረች። ማንም ምንም አላለም። ቡና አፈላሁ፤ እጣን አጨስኩ። የፊላደልፊያውን እስኪያልቅ አየን፤ ሲያልቅ በእኛ ሰዓት ነግቶ 11 ሰዓት ሆኖ ነበር። ያን ሌሊት ለወንድሜ አልቀዳሁለትም። የምለው ነገር አልነበረኝም።

የዚህ ዓይነቱ ዝግጅት ጀርመን ብቻ አልነበረም። አሜሪካኖቹ ከ1973 እስከ 1981 ዓርብ ሌሊት፣ ከጆኒ ካርሰን ዝግጅት በኋላ፣ ሚድናይት ስፔሻል የሚባል ነበራቸው። ዘፋኞቹ ስቱዲዮ ውስጥ በታዳሚ ፊት በእውነተኛ ድምፃቸው ይጫወቱ ነበር። እንግሊዞቹ ከ1971 ጀምሮ ኦልድ ግሬይ ዊስል ቴስት የሚባል የምሽት ዝግጅት ነበራቸው፤ ቦብ ማርሌና ዌይለርስ ገና ዓለም ሳያውቃቸው በ1973 እዚያ ተጫውተዋል። ነገሩ የሆነው በከፊል ያ ሰዓት ማንም የማይፈልገው ባዶ ሰዓት ስለነበር ነው። ጣቢያዎቹ ሊዘጉት የነበረውን ሰዓት ለወጣቶች ሰጡት። ኋላ ኤምቲቪ በ1981 አሜሪካ፣ በ1987 ደግሞ አውሮፓ ገባ። የግል ጣቢያዎች መጡ። ሙዚቃ በቪዲዮ ክሊፕ ቀኑን ሙሉ ይታይ ጀመር። ሌሊት ጠብቆ ማየት ትርጉም አጣ። ሮክፓላስት ስሙም ዝግጅቱም እስከ ዛሬ አለ፤ እነዚያ የግሩጋሃለ ሌሊቶች ግን በ1980ዎቹ አጋማሽ ቀሩ።

እኔ በ1985 ዓ.ም አገሬ ገባሁ። ወንድሜ ካሴቶቹን በጫማ ካርቶን ውስጥ በቅደም ተከተል አስቀምጧቸው አገኘሁ። አንዳንዶቹ ብዙ ከመሰማታቸው የተነሳ ክራቸው ሳስቶ ሙዚቃው ይንቀጠቀጣል። «እነዚህን አሁን ጣላቸው፤ ጥሩ ቅጂ አመጣልሃለሁ» ብለው ሳቀብኝ። «ሙዚቃውን ሌላም ቦታ አገኘዋለሁ፤ አንቺ የምታወሪውን ከየት አመጣዋለሁ?» አለኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ለካ ወንድሜ በእነዚያ የእላፊ ሌሊቶች ሲያዳምጥ የነበረው ሮክ ብቻ አልነበረም፤ እህቱ በሕይወት እንዳለች፣ ቆሎ እንደምትበላ፣ ሰው እንዳላት ነበር የሚያዳምጠው።

ወንድሜ ካረፈ ሦስት ዓመቱ ነው። ካርቶኑ እኔ ዘንድ ነው።

ባለፈው ወር የ15 ዓመቱ የልጅ ልጄ የነገርኩትን ሰምቶ የ1978ቱን ሌሊት በስልኩ ፈለገ። አንድ ደቂቃ አልፈጀበትም። ጆይስ ኬኔዲ ያው እንደያኔው ቆማ ትዘፍናለች። ይህ ተአምር ነው፤ ድሮ ይሻል ነበር ብዬ አላላዝንም። እኔ እናቴ ወርቅ ሸጣ የላከችኝ አገር ሄጄ ያየሁትን እሱ አልጋው ላይ ተኝቶ ያየዋል። «እማዬ፣ አሪፍ ናት» አለኝና ከሁለት ደቂቃ በኋላ ወደ ሌላ አሻገረው። እንዲህ ሲሆን ለምን ብዬ አልቆጣም። ያለፈው ሁሉ በእጁ ነው፤ የሚያመልጠው የለም። እኛ ግን ካመለጠን አመለጠን ነበር፤ ስለዚህ እንጠብቅ ነበር፤ የምንጠብቀውም አብረን ነበር።

እንደ ጤና ባለሙያ አንድ ነገር ብናገር ደግሞ ቅር አይበላችሁ። ከ13 እስከ 18 ዓመት ያለ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። በዓመት ሁለት ሌሊት ማምሸት ማንንም አልጎዳም። በየሌሊቱ ብርድ ልብስ ውስጥ ስልክ ይዞ ማምሸት ግን ትምህርቱንም ጠባዩንም ያበላሻል። ጆሮም እንዲሁ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት 80 ዴሲቤል በሆነ ድምፅ በሳምንት ከ40 ሰዓት በላይ እንዳይሰማ ይመክራል፤ ድምፁ ከፍ ባለ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በፍጥነት ያንሳል። በጆሮ ማዳመጫ የሚሰማ ልጅ ድምፁ የቱን ያህል እንደሆነ እናት አትሰማም፤ የእኛን ሬዲዮ ግን የቤቱ ኃላፊ ከፎቅ ሰምተው ወርደው ነበር።

እኛም አገር እንዲህ ያለ ሌሊት ነበረን፤ አለንም። የአዲስ ዓመት ዋዜማ። ቴሌቪዥን በየቤቱ ሳይገባ በፊት ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ሕፃን ወለል ላይ ተኝቶ፣ ፈንዲሻ ተበትኖ፣ ዘፋኝ በተቀየረ ቁጥር አባቶች «ይቺ የማን ልጅ ናት?» እያሉ እስከ እኩለ ሌሊት የሚመሽበት። ልጆቻችን ከዚያ ሌሊት የሚያስታውሱት ዘፈኑን አይመስለኝም። አባታቸው ተነስቶ ሲጨፍር ማየታቸውን፣ አያታቸው የዘፋኙን የልጅነት ታሪክ ስታወራ መስማታቸውን፣ እንቅልፍ ጥሏቸው ማን እንዳነሳቸው ሳያውቁ አልጋቸው ላይ መንቃታቸውን ነው።

ስለዚህ አያቶች ሆይ፣ ልጆቹን ከስልካቸው ለማላቀቅ ከመጨቃጨቅ ይልቅ አንድ ሌሊት ምረጡ። ዋዜማ ሊሆን ይችላል፣ የትልቅ ኳስ ጨዋታ ሊሆን ይችላል፣ ልጁ የሚወደው ዘፋኝ በቀጥታ የሚተላለፍበት ሊሆን ይችላል። ስልኩን ከትልቁ ቴሌቪዥን ጋር እሱ ራሱ ያገናኘው፤ ይህን ከእኛ የተሻለ ያውቃል። ዘፈኑ ካልገባችሁ ጠይቁት፤ ሲያስረዳችሁ ስሙት። በመሃል ዕረፍት ሲመጣ ደግሞ አትነሱ። ቡናውን ቀደም ብላችሁ አቅርቡና እዚያው ተቀመጡ፤ ጨዋታው የሚመጣው ያኔ ነው። ሩቅ አገር ያለ ልጅ ወይም ወንድም ካላችሁም ድምፃችሁን ቀድታችሁ ላኩለት። ምን እያያችሁ እንደሆነ፣ ማን እንደሳቀ፣ ቆሎው ማለቁን ንገሩት። ዛሬ ሦስት ወር አይፈጅም፤ ሳይነጋ ይደርሰዋል።

መልካም ሰንበት።